ለሻላ የተጻፈ ማስታወቂያ

ሽምብጥ፣ ከጣና ዳር ሃያ እርምጃ ርቆ፣
አንድ ቤት ነበረ ቆርቆሮው ተላቆ፤
ውስጡ ካውያ ይግላል፣ እርሳስ ይቀልጣል፤
የፖሊ ተመራቂ፣ መምህር ይበልጣል
(ስሙ ነው፤ ጉራ አይደል፤ ያወጡት አባቱ)
ኮምፒውተር ይሠራል እስኪነጋ ሌቱ።
እኔ ብሎን አቀባይ፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ፤
ደሞዜ ስልሳ ብር፣ ምሳዬ ከቤቴ።

«ደንገል» አላት ስሟን። «ደንገል ሣር ነው፣ ቀላል፤
እንጨት ተሸክሞ ማዕበል ይሻገራል።»

ቴሌቪዥን ላይ ስትሰካ ፊደል ትዘረጋለች፤
ሀ ብላ ጀምራ እስከ ፐ ታውቃለች፤
ጳጉሜን አትዘልም፤ ስድስት ስትሆንም
በአራት ዓመት አንዴ፣ እሷ አትሳሳትም።
መብራት ሄዶ ቢያድር (መሄድ ልማዱ ነው)፣
በሞተር ብስክሌት ባትሪ ነቅታ አድራ፣ ያስገባነው
ቁጥር፣ አንድም ሳይጎድል፣ ጠዋት እንዳለ ነው።

መሸጥ ብቻ ቀረ።
«ማስታወቂያስ?» አልሁት። ካውያውን ነከረ
እርጥብ ስፖንጅ ላይ፤ ጭሱ ጭር ብሎ በረረ።
«ጥሩ ዕቃ» አለኝ «ራሱን ይሸጣል፤
የሚፈልግ ሰውማ ጠይቆ ይመጣል።»
«ጠላ ሻጭ እንኳ» አልሁት «ጠላዋ የሰከነ፣
በር ላይ ጣሳ ትሰቅል የለ?» ፊቱ ዳመነ።

በማግሥቱ ቀለም ገዛ። ሰሌዳ አሰናዳ።
«ኮምፒውተር አለ» ብሎ ጻፈ፤ ያው ነው፤ ሌላው ባዶ ሜዳ፤
ስሟ የለ፣ ዋጋው የለ፣ የምትችለው የለ።
የመንገዱን በኩል ማዘጋጃ ቤት ያስከፍላል ስለተባለ፣
በጓሮው ግድግዳ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ፣
በአራት ሚስማር መታው፣ እንዳይወድቅ አጥብቆ አስሮ።

ማን ያንብበው? ሻላ።
ሻላ አየው ከፊት ለፊት፣ ጉማሬ ማታ ከኋላ።
ከዘጌ እንጨት ጭኖ የመጣ ባለታንኳ
መቅዘፉን አቁሞ «ምን አለ?» አለን፤ ማንበብ አይችልም እንኳ።

ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ሰጥአርጌ ሱቅ ከፈተ፤
መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ከተማውን ሲዞር ሰነበተ።
የሱ ሣጥን ባዕድ ነው፤ ፀሐይ ሲሞቀው ይደርቃል፤
ፊደል አልተማረም፤ መስከረምን ከጥር ያደባልቃል።
ግን ከነፃ ቆብ ጋር፣ ከቀይ እስክሪብቶ ጋር
ሲሉት፣ ሰው ተሰለፈ ከበሩ እስከ ዘንባባው ዳር።

መኪናዋ በእኛም ደጅ አለፈች አንድ እሑድ፤
ቆብ እየበተነች፣ ልጆች ከኋላዋ ሲነጉድ።
ይበልጣልም ደረሰው።
አየው፤ አገላበጠው፤
ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ አጠለቀው።
ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ የሰጥአርጌን ቆብ አድርጎ
የደንገልን ሽቦ በየደው፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ።

በሁለት ዓመት ሸጥን። ስንት? አራት።
አንዷን አጎቱ ነው፣ በዱቤ፣ እስካሁን ያልከፈላት።
አንዷን ወይዘሮ ፈለቀች፣ የዓሣ አስጋሪ ማኅበር ሒሳብ ያዥ፣ ወስዳ
ቆሮሶ ስንት፣ አምባዛ ስንት፣ ትመዘግባለች ማልዳ።
የቀሩትን ሠላሳ ሰባት በጆንያ ሸፈንናቸው፤
የቤት ኪራይ ሲቆለል፣ በጋሪ አወጣናቸው።
እሱ ጨርቃ ጨርቅ ገባ፤ ሞተር ይጠግናል፤
ስለ ደንገል ከጠየቁት፣ ስለ ዝናብ ያወራል።

አሥራ አንድ ክረምት አልፎ፣ ማኅበሩ ቢሮ ሄድሁ።
እሷን አየሁ። ደነገጥሁ።
ነጭ ሣጥኗ ቢጫ ሆኗል፤ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች፤
ስትነካ ግን፣ እንደ ጥንቱ፣ ፊደል ትዘረጋለች።
«እንዲህ ያለ ዕቃ ይዛችሁ» አለች ፈለቀች «ምነው ዝም?
ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማችሁም?»
መልስ አልነበረኝም።

ስመለስ በሽምብጥ ዞርሁ፤ ግድግዳው እንደ ቆመ ነው፤
ዝናብ «ኮምፒውተር»ን አጥቦ፣ «አለ»ን ብቻ ተወው።
አንድ ሻላ ድንጋይ ላይ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ያየዋል።
ይኼው አንባቢያችን አለ፤ ዛሬም ይደግመዋል።

አሁን ሳስበው ግን፣ ሳይዋሽ፣ ሳይምል፣
ስሙን ብቻ ቢጽፍ በመንገዱ በኩል።